ክረምቱ ሳይገባ የግድባችሁን ማስተንፈሻ ክፈቱ

በእርሻችሁ ላይ የአፈር ግድብ ያላችሁ ሁሉ፣ ከግድብ በታችም ቤት ሠርታችሁ የምትኖሩ፣ ይህን ጥሪ የማቀርብላችሁ ሰኔ ሳይገባ ሥራው እንዲያልቅ ነው። ዝናቡ ከጠና በኋላ ለግድብ የሚደረግለት ነገር ጥቂት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ባለፈው መስከረም ትርፍ ውሃ ለመያዝ ብላችሁ ማስተንፈሻው አፍ ላይ አፈር የሞላ ጆንያ ደርድራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አንሡት።

ልማዱን አውቀዋለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባለቤቱ በማስተንፈሻው የሚፈሰውን ውሃ እያየ አንጀቱ ያርራል። ያ ውሃ እኮ የጥር ሽንኩርት፣ የመጋቢት ቲማቲም ነው! ስለዚህ ጆንያ ይደረድራል፣ ጭቃ ይለጥፍበታል፣ ውሃውን ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። በሐሳቡ አልፈርድበትም። ግን የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ሲያልፍበት አይችልም፤ የሚፈሰው ውሃ ጀርባውን እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ሊንደው ይችላል። ማስተንፈሻ የሚሠራው ለዘወትሩ ካፊያ ሳይሆን በብዙ ዓመት አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ለሚወርደው ዶፍ ነው። ግድቡ በሞላበት ቀን እንኳ ከውሃው ወለል እስከ ግድቡ አናት ቢያንስ 1 ሜትር ክፍት ይሁን።

«የእኔ ግድብ ትንሽ ናት» የሚል ካለ ቁጭ ብሎ ያስላው። 1 ሄክታር ስፋትና በአማካይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 30,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 30,000 ቶን ውሃ ይይዛል። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት በኬንያ ናኩሩ ካውንቲ፣ ሶላይ በተባለ ስፍራ፣ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረው የፓቴል ግድብ በከባድ ዝናብ ወቅት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሶላይ የሚገኘው እኛም በምናርስበት በዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው።

እናም በግንቦት አንድ ማለዳ ግድባችሁን ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ዙሩ። በመጀመሪያ ስንጥቅ ፈልጉ። መረሬ አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አዲሱ ውሃም ሲመጣ የሚገባው በዚያ ነው። ስንጥቁን እስከ ታች ቆፍራችሁ፣ ርጥብ ሸክላማ አፈር በስስ በስሱ እየጨመራችሁ ጠቅጥቁት፤ ላዩን ብቻ ለስኖ ማለፍ ራስን ማታለል ነው። የፍልፈል ቁልል፣ የጃርት ጉድጓድ፣ የምስጥ ኩይሳ ካያችሁም እንዲሁ አድርጉ። ለጋ ባሕር ዛፍ ከበቀለበት ከነሥሩ ይነቀል። ያረጀ ዛፍ ከሆነ ግን ቆርጣችሁ አትተዉት፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ስለሚከፍት ባለሙያ ይየው። ግድቡ ሰርዶ ይልበስ፤ ከብቶች እንዳይረግጡትም ውሃው በቧንቧ ወርዶ ከገንዳ ይጠጡ።

ብዙ ሰው የማያየው ግን የግድቡን ግርጌ ነው። ጥቂት ውሃ መስረጉ የአፈር ግድብ ጠባይ ነው፤ የሚያስፈራው ስርገቱ ሲጨምርና ሲደፈርስ ነው። ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ የሚወጣውን ውሃ በጀሪካን ያዙ፤ ለመሙላት የፈጀበትን ጊዜ ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያም በባዶ ሃይላንድ ቀድታችሁ እስኪጠል አቆዩት። ከሥሩ አፈር ከዘቀጠ ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው። ያን ጊዜ ለምክክር አትቀመጡ፤ ከታች ያሉትን ሰዎች ወደ ከፍታ አውጡ፣ ለቀበሌው ደውሉ፣ የውሃ ማውጫውን ክፈቱ። ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. በአሜሪካ አይዳሆ የነበረው የቴቶን ግድብ ጠዋት ድፍርስ ውሃ ሲወጣው ታየ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ፈረሰ። ያ በመንግሥት መሐንዲሶች የተሠራ ግዙፍ ግድብ ነበር።

ግድብ አትሥሩ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ግድብ በዓመት ሁለተኛ ምርት ነው፣ ቆሮሶ ማርቢያ ነው፣ ውሃ ፍለጋ የሚባዝኑ ከብቶች ዕረፍት ነው። ሆኖም ውሃው ሌላም ጉዳት አለው። ቴድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው በትግራይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከራቁት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ ነበር። አጎበር ዘርጉ፤ በዳርቻው የሚያቁረውን ውሃ አፍስሱ፤ ልጆች እንዳይገቡም አጥር ሥሩ።

ሕጉም ከባድ ነው። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለውሃ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ ባይጠይቅም፣ በቡልዶዘር የተሠራን ግድብ ባህላዊ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 የመሬትን አቀማመጥ ለውጦ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያልተመዘገበ ግድብ ያላችሁ ወደ ወረዳው ውሃ ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ መሐንዲስ እንዲያየውም ጠይቁ።

የመጨረሻው ሥራ ገንዘብ አይፈልግም። ባለቤቶች፣ ከግድባችሁ በታች ወዳሉት ቤቶች አንድ በአንድ ሂዱ፤ ስልክ ተለዋወጡ፤ በሌሊት ማን ለማን እንደሚደውል፣ አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚያወጣ፣ ወደየትኛው ጉብታ እንደሚወጣ አብራችሁ ወስኑ። እድሩ ጥሩንባ ካለው ለዚህም ይዋል። ከታች የምትኖሩ ደግሞ፣ ባለቤቱ ካልመጣ እናንተ ሂዱና «ማስተንፈሻውን አሳየን» በሉት። ጆንያ ካያችሁ አብራችሁ አንሡ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ጊዜ ለዚህ ሁሉ ይበቃል።