ጥፋቱን በበሽተኛው ላይ አትጫኑ

መድኃኒት የተላመደ ጀርም የሚያጠቃው ክኒኑን ጀምሮ ያቋረጠውን ሰው ነው የሚለው ሰሞኑን የታተመው ጽሑፍ ነቀፋውን ያለቦታው አሳርፏል። አንቲባዮቲክን እንዳሻ መዋጥ ጎጂ መሆኑን አልክድም። ጸሐፊው በዋቢነት የጠሩት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን መልሶ ይመሰክርባቸዋል።

ይህ ባክቴሪያ ከሦስት ጤነኛ ሰዎች በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። የሚገድለው መግቢያ ሲያገኝ ነው፦ በኩላሊት እጥበት ቱቦ፣ በቀዶ ሕክምና ቁስል፣ ክንድ ላይ ሳይቀየር በሰነበተ ካኑላ፣ በስኳር ሕመም በቆሰለ እግር። ከእነዚህ የቱ ነው የበሽተኛው ጥፋት? በሳምንት ሦስቴ ለእጥበት የሚመላለስ ሰው፣ አንድም ክኒን ሳያጓድል፣ ጓንቱን ሳይቀይር ከአልጋ አልጋ ከሚሄድ ባለሙያ እጅ ጀርሙን ሊቀበል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቸልተኛ ማለት ነውር ነው።

በዚህ ባክቴሪያ ላይ ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1961 የማይበግረው ዝርያ እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ። ሜክ ኤ የተባለው ጂን ባክቴሪያው መድኃኒቱ የማይዘውን ፕሮቲን እንዲሠራ ስለሚያደርግ፣ የሜቲሲሊን ዘመድ የሆነው ክሎክሳሲሊንም ይከሽፋል።

እዚያው እንግሊዝ ሆስፒታሎች ደም ውስጥ የገባውን የዚህን የተላመደ ዝርያ ኢንፌክሽን እንዲያሳውቁ ከ2001 ጀምሮ ተገደዱ፤ በ2004 ደግሞ ቁጥሩን በ2008 በግማሽ እንዲቀንሱ ታዘዙ። እጅ መታጠብ ተጠናከረ፣ የካኑላ አያያዝ ተስተካከለ፣ ኢንፌክሽኑም ከግማሽ በላይ ወረደ። የተለወጠው የሆስፒታሉ አሠራር ነው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በሽተኛውን ከመጠየቃቸው በፊት፣ ተኝቶ በታከመበት ክፍል ውኃና ሳሙና መኖሩን ይጠይቁ።