ደቡብ ኮሪያ፦ የዩኒቨርሲቲ ዕጩ መኮንንነት ስለምን ተፈላጊነቱ ቀነሰ?

በደቡብ ኮሪያ ጤነኛ የሆነ ወጣት ወንድ ሁሉ የውትድርና ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ዕጩ መኮንኖች ሥልጠና ይህን ግዴታ በክብር መወጫ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። ሠልጣኙ በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ከቀለም ትምህርቱ ጎን ለጎን ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ፣ ሲመረቅ የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ያገኛል። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ ወታደሮችን ይመራል። ብዙዎቹ የሚመደቡት በሰሜኑ ድንበር አቅራቢያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበት ተራራማ ምድር ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ጥቂቶች ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ተወዳድረው በሠራዊቱ ይቀራሉ። አብዛኞቹ የምድር ጦር መኮንኖች ግን 28 ወር አገልግለው ወደ ተጠባባቂነት ይዛወራሉ፤ ሥራም ይፈልጋሉ። ቀድሞ ታላላቅ ኩባንያዎች ሰው መምራትን በተግባር ተምሯል ብለው ለተሰናባች መኮንን የተለየ የቅጥር ዕድል ይሰጡ ነበር። አሁን የጅምላ ቅጥር እየቀረ፣ በሙያው ልምድ ያለው ተመራጭ ሆኗል። መኮንንነት በሥራ ገበያው የነበረው ዋጋ በዚያው ልክ ወርዷል።

በአንጻሩ የተራው ወታደር ኑሮ ተሻሽሏል። የምድር ጦር አገልግሎቱ ወደ 18 ወር አጥሯል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ በተንቀሳቃሽ ስልክ መጠቀምም ተፈቅዶለታል። እ.ኤ.አ. በ2025 በግዴታ ከሚያገለግሉት መካከል የመጨረሻው ማዕረግ ላይ የደረሰው ወታደር ወርኃዊ ክፍያ 1.5 ሚሊዮን ዎን ሆነ፤ መንግሥት ለቁጠባው የሚጨምርለት ሲታከልበት ከአዲስ መኮንን መነሻ ደመወዝ ጋር ይቀራረባል። ታዲያ አሥር ወር የሚበልጥ አገልግሎትና የሌሎች ሰዎች ኃላፊነት የሚሸከመው ተማሪ ምን ያተርፋል?

ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታየ። የምድር ጦሩ በፕሮግራሙ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማሪ ምልመላ ለማድረግ ተገደደ። በተከታዩ ዓመት ለአጭር ጊዜ መኮንኖች የሚሰጠው ማበረታቻ ከ9 ወደ 12 ሚሊዮን ዎን ከፍ አለ። ገንዘቡ የሚናቅ አይደለም፤ ይሁንና አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ተመራቂው የሚያሰላው ግን እኩዮቹ ቀድመውት ሥራ የሚይዙበትን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለሥልጠናው የሚመለመሉት ሴቶች ግዴታ ስለሌለባቸው ስሌታቸው ይለያል፤ የሚገቡት ሙያውን መርጠው ነው።

አገልግሎቱን ማሳጠርም የራሱ ዋጋ አለው። መኮንኖች ቶሎ ቶሎ ከተሰናበቱ በየዓመቱ ብዙ ምትክ ያስፈልጋል፤ የአገሪቱ የወሊድ መጠን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንዲት ሴት በአማካይ 0.72 ልጅ ብቻ ነበር።