ቀስ ብሎ የሚያነብ ተማሪ ሰነፍ ነውን?

በፊዚክስ ትምህርት ክፍል ባስተማርንባቸው ዓመታት ደጋግመን የታዘብነው አንድ ነገር አለ። በቤተ ሙከራ ውስጥ ሰርኪዩቱን ማንም ሳይረዳው የሚገጣጥም፣ በኦሲሎስኮፕ ላይ የሚታየው ሞገድ ለምን እንደተዛባ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ተማሪ፣ የጽሑፍ ፈተና ሲሰጠው ወረቀቱን ግማሹን ባዶ አድርጎ ይመልሳል። እኛም «አላጠናም» ብለን ውጤቱን መዝግበን እናልፋለን። ይህ ጽሑፍ ያ ፍርዳችን የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ያመለከተንን ጥናት ለአንባቢያን ለማስተዋወቅና በዚያው ላይ የራሳችንን አስተያየት ለመሰንዘር የተዘጋጀ ነው። የፊዚክስ ሰዎች በአንጎል ጉዳይ ምን አገባችሁ የሚለን ቢኖር፣ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ የመለካት ጉዳይ ነው እንለዋለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንናዘዝ። የዶክትሬት ጥናታችንን በውጭ አገር ስናከናውን፣ አብሮን ይማር የነበረ አንድ ተማሪ ለፈተና በተቀመጠ ቁጥር ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀድለት ነበር። ምክንያቱ ዲስሌክሲያ የተባለው የማንበብ ችግር እንዳለበት መረጋገጡ ነው። እኛ ግን ነገሩን አድልዎ አድርገን ቆጥረን በሆዳችን አጉረመረምን። አፉን በፈታበት ቋንቋ የሚፈተን ሰው ሰዓት ሲጨመርለት፣ ትምህርት ቤት ገብተን በተማርነው ቋንቋ የምንፈተን እኛ ምን ተጨመረልን የሚል ነበር ቅሬታችን። ዛሬ ስናስበው የቅሬታችን ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ግን ድንቁርና ነበር።

ችግሩ በሳይንስ ዘንድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፐርሲ ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፤ የሂሳብ ጥያቄም አያስቸግረውም። የተጻፈ ቃል ግን ማንበብ አልሆነለትም። ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚልቅ እርሱ በሆነ ነበር ሲል መምህሩ መስክሮለታል። ሞርጋን ጉድለቱን የቃላትን ምስል በአእምሮ ከመያዝ ጋር አያይዞት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ ጥናቶች አብዛኛውን ክብደት የሰጡት የቃላትን ድምፆች ለይቶ ለማወቅና ከፊደል ጋር ለማዛመድ ለሚገጥመው እክል ነው። መስፈርቱ ከጥናት ጥናት ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ሰዎች መካከል ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ችግሩ አለባቸው ይላል።

በዚህ መስክ የእኛን ቀልብ ከሁሉ የሳበው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሳይንስ ተመራማሪ የሆኑት የፕሮፌሰር ሜራቭ አሂሳር ሥራ ነው። ፕሮፌሰሯ የተነሡት ከንባብ አልነበረም። መነሻቸው የስሜት ሕዋሳት በልምምድ እንዴት ይሠለጥናሉ የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከሻውል ሆክሽታይን ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ብልጭ ብሎ በሚጠፋ ምስል ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ዘመም ያለ አንድ መስመር እንዲፈልጉ አደረጉ። ሥራው ቀላል ሲሆን የተገኘው ችሎታ ወደ ሌላ ቦታና ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሻገራል። ሥራው እየከበደ በሄደ መጠን ግን ልምምዱ በተሠራበት ቦታና አቅጣጫ ብቻ ተወስኖ ይቀራል። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው። ከባዱን ሥራ መማር ላቃታቸው ሰዎች አንድ ቀላል ምሳሌ በግልጽ ሲታያቸው የተዘጋው መንገድ ይከፈትላቸዋል። አርኪሜድስ «ዩሬካ» አለ እንደሚባለው መሆኑ ነው። (ለተማሪዎቻችን የመጀመሪያውን የመልመጃ ወረቀት በከባድ ጥያቄ የምንጀምር መምህራን ይህን አንብበን ጥቂት ብናፍር አይከፋም።)

ከዚያም ወደ ድምፅ እንምጣ። ፕሮፌሰሯና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ድምፆች ተራ በተራ ይሰሙትና የትኛው ይቀጥናል ተብሎ ይጠየቃል። ክራር የሚቃኝ ሰው የሚያደርገው ንጽጽር ነው። በአንደኛው ዓይነት ሙከራ ከሁለቱ ድምፆች አንዱ ሁልጊዜ 1000 ኸርዝ ነው። በሌላኛው ደግሞ ሁለቱም በየዙሩ ይለዋወጣሉ። ቋሚ ድምፅ በሌለበት ጊዜ ዲስሌክሲያ ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች ያን ያህል አልተለያዩም። ቋሚው 1000 ኸርዝ ሲገባ ግን ችግሩ የሌለባቸው ሰዎች ውጤት በእጅጉ ተሻሻለ፤ የዲስሌክሲያ ባለቤቶች ግን ከመደጋገሙ ያን ያህል አልተጠቀሙም። ስለዚህ ጉድለቱ ጆሮ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ነገሩን በገበያ ምሳሌ እንየው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ኪሎ መለኪያ ሲመዝን የዋለ ነጋዴ፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ መለኪያው ማየቱን ይተዋል፤ እጁ ራሱ ኪሎውን ያውቀዋል። አእምሯችንም ተደጋግሞ የመጣውን ነገር፣ እኛ ሳናውቀው፣ የንጽጽር መሠረት አድርጎ ያስቀምጠዋል። አሂሳር ይህን መሠረት መልህቅ ይሉታል። መልህቁ በሚገባ ያልተተከለለት ሰው እያንዳንዱን ድምፅ እንደ አዲስ ይመዝናል። ይደክማል፤ ይዘገያልም።

ለፊዚክስ ተማሪዎች ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሊሆን ይችላል። አንድን ደካማ ሲግናል ከሁካታ ለማውጣት ደጋግመን ለክተን አማካዩን እንወስዳለን፤ ስህተቱም በልኬቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት መጠን ይቀንሳል። መቶ ጊዜ ብንለካ ስህተታችን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። አሁን መዝገባችን እየጠፋ የመጨረሻዎቹ አራት ልኬቶች ብቻ እንደሚቀሩልን እናስብ። መቶ ጊዜ ብንደክምም ስህተታችን የሚወርደው ወደ ግማሽ ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እኛ ያመጣናቸው ቢሆኑም፣ የኢየሩሳሌሙ ቡድን በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ድምፅ ሲደጋገም የሚደክመው የአንጎል ምላሽ በዲስሌክሲያ ባለቤቶች ላይ ቶሎ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ፣ ማለትም ያለፈው ድምፅ አሻራ ቶሎ እንደሚደበዝዝ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ይህን ፈጣን መርሳት ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩት፤ በእነዚያ ዘንድ የተገኘው የቅርቡን መረጃ ለመቀበል መዘግየት ነው። ሁለት የተለያዩ ችግሮች በአንድ የሂሳብ ቀመር ላይ በሁለት ጫፍ ሲቀመጡ ማየት፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ደስ ያሰኛል።

ደስ ማሰኘት ግን እውነት መሆን አይደለም። አጉስ፣ ፕረስኒትዘር፣ ራሙስና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሙከራ፣ ትርጉም የሌለው ተደጋጋሚ የሁካታ ድምፅ ለዲስሌክሲያ ባለቤቶች ሲሰማ እንደ ሌሎቹ ሰዎች ተምረውታል። መልህቅ መትከል በጥቅሉ ተስኗቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ስለዚህ የመልህቁ መላ ምት ገና በክርክር ላይ ነው፤ የቃላት ድምፅን መለየት ዋናው ጉድለት ነው የሚሉትም ከአቋማቸው አልተነሡም። እኛ ለመልህቁ እናደላለን። ያም ሆኖ በዚህ ላይ ተመሥርቶ «በኮምፒውተር ጨዋታ ንባብን እናድናለን» የሚል ነጋዴ ቢመጣ፣ የ1997ቱን ውጤት እናስታውሰው፤ ከባድና ጠባብ ልምምድ ያው በተሠራበት ቦታ ሊቀር ይችላል።

በእኛ አገር ፊደል ዘንድስ? ሕፃን ሳለን ገበታ ላይ የቆጠርናቸው 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የካዕብና የሣልስ ቅጥል በብዙዎቹ ላይ ሥርዓት ያለው ሲሆን፣ ሳድስ ግን እንደየፊደሉ መልኩን ይለውጣል። ከዚህም በላይ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ገና» የሚለውን ቃል ያየ አንባቢ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩና ቀድሞ ካነበበው ነው። አናባቢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የማይጻፉበት ዕብራይስጥም በሌላ መንገድ ይኸንኑ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጽሕፈት ባለፈው ልምድ ላይ አጥብቆ ይደገፋል፤ ያለፈው ቶሎ ለሚደበዝዝበት ልጅም ሸክሙ እንደሚከብድ እንገምታለን። ግምት ነው ብለናል። የዚህ መጽሔት አንባቢ የሆናችሁ የሥነ ልቦና፣ የቋንቋና የፊዚክስ ተማሪዎች ተባብራችሁ ልትፈትኑት የምትችሉት ግምት ነው፤ ሁለት ድምፅ የሚያወጣ ኮምፒውተርና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ለመጀመር ይበቃል።

በውጭ አገር ሳለን ያሰማነው ቅሬታ ግማሹ ትክክል ነበር ያልነውም እዚህ ላይ ይገባል። የእኛ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። ቀስ ብሎ ሲያነብ የቋንቋው ይሁን የንባቡ ችግር መለየት ያዳግታል፤ ሁለቱ ተደራርበውበት እንደሆነም የሚጠይቅለት ሰው የለም። በቋንቋው ተሳብቦ የንባቡ ችግር ሳይታወቅ፣ ሁለቱም ደግሞ በስንፍና ተሳብበው ይቀራሉ።

ፈተና መለኪያ መሣሪያ ነው። የሙቀት መለኪያ ሙቀትን ትቶ ለነፋስ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንጥለዋለን። የፊዚክስ ፈተናችን በደቂቃ ስንት መስመር ይነበባል የሚለውን አብሮ የሚለካ ከሆነስ? የአጋጣሚ ስህተት በመደጋገም ይቀንሳል፤ ከመሣሪያው የሚመጣ ቋሚ ስህተት ግን መቶ ጊዜ ቢለካም አይቀንስም። ልጅን ያንኑ ክፍል ደግሞ እንዲማር አድርገን በዚያው ዓይነት ፈተና ስንለካው የምናደርገው ይኸንኑ ነው። ተጨማሪ ሰዓት ለሰነፍ ሽልማት ይሆናል የሚል ባልደረባ አለን። ያላጠና ሰው ግን ባዶ ወረቀት ፊት 20 ደቂቃ ቢጨመርለት ምን ይጽፍበታል?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በአንድ የቤተ ሙከራ ፈተና ላይ 40 ደቂቃ የነበረውን ለሁሉም 60 አደረግነው፤ ጥያቄዎቹንም ከመጀመራቸው በፊት ጮክ ብለን አነበብንላቸው። አንድ ክፍል ማስረጃ እንደማይሆን እናውቃለን። በመጀመሪያ ያነሣነው ዓይነት ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበረ፤ ወረቀቱን ሞልቶ መለሰ። ሦስተኛውን ጥያቄ ስቶታል፤ የኪርኮፍን ሕግ ሲጠቀም የአንዱን ቮልቴጅ ምልክት ገልብጦታል። የፊዚክስ ስህተት ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ አረምንለት።