ዘጠነኛው ወር የማን ነው?

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ የመጣው ከቂሊንጦ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ስቱዲዮ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ቀን ፋብሪካ ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ አላወጣም።

«እናቴ ከገጠር ለሕክምና መጥታ እኔ ጋ አርፋ ነበር» ትላለች። «መስከረም 24 ቀን 2018 ቅዳሜ ማታ በጣም አመማት። ሆስፒታል ስንደርስ መድኃኒቱን ከውጪ ግዙ ተባልን። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ የላከችው ብር ባንክ አለ፤ ወደ ኤቲኤም ሮጥኩ። ማሽኑ ካርዱን ዋጠው! ካርዱ ላይ 09/25 ይላል። እኔ ደግሞ ‹ግንቦት 2025 ማለት ነው፣ ገና ሰባት ዓመት አለው› እል ነበር። በመጨረሻ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን አውጥታ አዳነችኝ። እናቴ አሁን ደህና ናት። ግን ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር የሚያልቅብኝ ይመስለኛል። የስልኩ ጥቅል፣ ዋይፋዩ፣ ዲሹ... አንዱን ስሞላ ሌላው ይቋረጣል። ‹አንቺ ነሽ የረሳሽው› እየተባባልን ከልጆቹ ጋርም መኮራረፍ ጀምረናል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን እናትሽን አተረፈልሽ። ቀጥሎ ግን ራስሽን «ዝንጉ ነኝ» እያልሽ አትውቀሺ። አንቺ ቀኑን አይተሽዋል። ችግሩ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን በኛ አቆጣጠር ማንበብሽ ነው። የፈረንጅ ዘጠነኛ ወር ሴፕቴምበር ነው፤ የኛ ዘጠነኛ ደግሞ ግንቦት። ካርድሽ ያበቃው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025፣ በኛ መስከረም 20 ቀን 2018 ነበር። አንቺ የደረስሽው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

አይ የኛ ነገር! ዕድሜያችንን በአንድ ካላንደር እንቆጥራለን፣ ኪሳችን ውስጥ ያለው ዕቃ በሌላ ያረጃል። እዚያው ሰፈርሽ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተከለለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የመድኃኒት ካርቶን አንስተሽ ብታዪ እንዲህ ዓይነት በፈረንጅ የተጻፈ ቀን አታጪበትም። ስለዚህ ስሌቱን እንማረው፤ ከባድ አይደለም።

ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ 4 ደምሪበት፤ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሺ። ከ9 እስከ 12 ከሆነ ከወሩ 8፣ ከዓመቱ 7 ቀንሺ። ለምሳሌ 03/27 ማለት 7ኛው ወር መጋቢት፣ ዓመቱ 2019 ነው። 10/26 ደግሞ ጥቅምት 2019። ቀን ሳይጻፍ ወር ብቻ ከተጻፈ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ይሠራል ማለት ነው። የፈረንጅ ወር የሚያልቀው ደግሞ የኛ ወር ከ19 እስከ 25 ባለው ውስጥ ስለሆነ «እስከ ገብርኤል ነው» ብለሽ ብትይዢው አትሸወጂም።

ወደ ስልኩ ጥቅል ስንመጣ ደግሞ ካላንደራችን ሊያግዘን የተዘጋጀ ይመስላል። የ30 ቀን ጥቅል ያልቃል ብለሽ ጣት አትቁጠሪ። ወራችን ሁሉ 30 ቀን አይደል? በሚካኤል የሞላሽው የሚያልቀው በሚካኤል ነው፤ በበዓል ለማታስቡ ደግሞ 12 የሚለው ቁጥር ይበቃል። ይህን የምታበላሽ አንዲት ወር ብቻ ናት፤ ጳጉሜን! ነሐሴ 12 የሞላሽው ጥቅል ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን መስከረም 7 ላይ ያልቃል። 6 ቀን ስትሆን (ለምሳሌ በ2019 ማብቂያ) መስከረም 6 ላይ ነው። በዘመን መለወጫ ሰሞን «ምነው ቀደመብኝ?» የምትሉ ሁሉ ምስጢሩ ይኸው ነው። የዋይፋዩንና የዲሹን ግን ከፋዮቹ እናንተ ናችሁና «30 ቀን ነው ወይስ ወር በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሰዓቱም ያታልላል። በስልክ መልዕክት ላይ «06:00» ተብሎ ከመጣ ጠዋት 12 ሰዓት ነው እንጂ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት አይደለም። «23:59» ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ሌላው ልብ የማይባለው ነገር ራሱን በራሱ የሚያድሰው ነው። አንዴ «እሺ» ብለን የተመዘገብንበት የአጭር መልዕክት አገልግሎት ሳንጠይቀው በየቀኑ ሳንቲም እየለቀመ ይኖራል። ስለዚህ ዝርዝር ስታወጡ ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ «ካላደስኩት የሚቋረጥ» እና «ካላቆምኩት የሚቀጥል» ብላችሁ። የመጀመሪያው እንዳይረሳ፣ ሁለተኛው እንዳይሰርቅ!

ለካርድና ለወረቀት ደግሞ የሚያልቅበትን ቀን ሳይሆን የምትንቀሳቀሱበትን ቀን ጻፉ። የባንክ ካርድ አንድ ወር ሲቀረው ቅርንጫፍ ሂጂ። ከቂሊንጦ ከተማ መሃል ደርሶ መመለስ ከፋብሪካ የአንድ ቀን ፈቃድ እንደሚጠይቅ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፓስፖርት ያላችሁ፣ ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይፈልጋሉና መጨረሻውን ቀን ትታችሁ ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ያለውን ያዙ። ምድር ቤት ሱቅ የከፈታችሁ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ያለቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስድስት ወር ሙሉ ተኝቶ ታኅሣሥ 29 ቀን ሰልፍ ላይ መጋፋት ምን ይሉታል?

አሁን ወደ ኩርፊያው እንምጣ። ሦስት ሰው ባለበት ቤት «አንዷ ታስታውሳለች» ማለት ማንም አያስታውስም ማለት ነው። ዕቁብ ጸሐፊ አለው አይደል? እናንተም በየወሩ የምትቀያየር ጸሐፊ ምረጡ። ሁለቱም አቆጣጠር ያለበት የግድግዳ ካላንደር በር ላይ ስቀሉና ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምን፣ መቼ፣ ማን ይከፍላል። የስልክ ማስታወሻውም ይኑር፤ ግን ስልክ የአንድ ሰው ነው፣ በር ላይ ያለውን ሁሉም ያያል። የሚቻለውን ሁሉ ደግሞ ደሞዝ በገባ ማግስት አድሱ፤ ወር አጋማሽ ላይ ቀኑ ቢታወስም ብሩ የለም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ያቺ ልጅ ያወጣችልሽ የኪራይ ብር ነው፤ ኪራይም ቀን አለው። ከዋይፋዩና ከዲሹ በፊት የሷን መመለሻ ቀን ካላንደሩ ላይ በትልቁ ጻፊ። እሷ እያየችሽ ጻፊው፤ ግማሹ ኩርፊያ እዚያው ያልቃል። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ጥሬ ብርም ቤት አስቀምጪ፣ የሞባይል ባንክሽንም አስከፍቺ። በአንድ ካርድ ላይ የእናት ሕይወት አይንጠለጠልም።

እናንተስ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ካርድ ምን ይላል? ይህን ጋዜጣ ሳታጥፉ አውጥታችሁ እዩት። ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!