ዲስኩ ዝም ሲል፦ እንታገሥ ወይስ እንቁረጥ?

ከቡራዩ፣ የኮምፒውተር ጠጋኝ

መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ሱቄ በሲፒዩ ይሞላል። አብዛኛው የፎቶ ኮፒ ቤትና የትንሽ ክሊኒክ ነው፤ ዲስኩ አንድ፣ ባክአፕ የሚባል የለም። የሲፒዩውን ክዳን ከፍቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀጭ... ቀጭ ይላል። ባድ ሴክተር (የማይነበብ ቦታ) አግኝቶ ራሱ ደጋግሞ እየሞከረ ነው። የዴስክቶፕ ዲስክ እንዲህ ሆኖ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል። ዲስኩን የሚያዘው የሊኑክስ ድራይቨር ግን 30 ሰከንድ ጠብቆ ትእዛዙን ያቋርጣል፤ ካልሆነለት ሪሴት ያደርገዋል፤ አሁንም እንቢ ካለ ኦፍላይን ያወጣዋል። አንድ ሐሙስ የቀረውን ዲስክ ሥራው መሃል ማቋረጥ ምን ይሉታል? እኔ ገደቡን 180 ሰከንድ አድርጌ እተወዋለሁ። የታካሚው ካርድ እስከተነበበ ድረስ ደንበኛዬ ቡናውን ጠጥቶ ቢመለስ ምን ገደደው?

ከሱሉልታ፣ የሰርቨር ባለሙያ

ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው። ሰበታ የምይዘው የፋብሪካ ሰርቨር ላይ ዲስኮቹ በሬይድ ተያይዘዋል፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ይዞታል። አንዱ ሲንቀረፈፍ መጋዘኑም ሒሳብ ክፍሉም «ስታክ አደረገ» ብሎ ይደውልልኛል። ለሬይድ የሚሠሩ ዲስኮች 7 ሰከንድ አካባቢ ሞክረው «አልቻልኩም» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ያኔ መረጃው ከሌላው ዲስክ ተነብቦ የተበላሸው ቦታ ላይ እንደገና ይጻፋል።

ድራይቨሩ ያቋረጠውን ትእዛዝ መድገሙማ የባሰ ያስፈራኛል። ጊዜው አለፈ ማለት ትእዛዙ አልተፈጸመም ማለት አይደለም፤ ተፈጽሞ መልሱ ብቻ ቀርቶ ይሆናል። ዲስክ ላይ ያንኑ መረጃ እዚያው አድራሻ ላይ ሁለቴ መጻፍ አይጎዳም። የፊተኛው ትእዛዝ መሰረዙ ሳይረጋገጥ አዲስ ከተላከ ግን የዘገየው አሮጌ መረጃ ኋላ መጥቶ አዲሱን ያጠፋዋል። ቴፕ ላይ ደግሞ ተከታትሎ ስለሚጻፍ ድገማው መዝገቡን ሁለት ያደርገዋል፤ የሊኑክስ የቴፕ ድራይቨር 900 ሰከንድ ይጠብቃል እንጂ አንዴም አይደግምም።

ቡራዩ

ቴፑን ራስህ አመጣኸው! ለእሱ 15 ደቂቃ ከተፈቀደ ለእኔ ዲስክ 3 ደቂቃ ለምን በዛ? ድራይቨሩ ይድገም አላልኩም፤ ዲስኩ ይሞክር፣ ድራይቨሩ እጁን ይሰብስብ ነው ያልኩት። ባለ ሁለት ዲስክ ፎቶ ኮፒ ቤት ካገኘህ ጥራኝ።

ሱሉልታ

ሰው ርካሹን የዴስክቶፕ ዲስክ ገዝቶ ሬይድ ውስጥ ሲከትና ዲስኩ የ7 ሰከንዱን ገደብ አልቀበል ሲል የድራይቨሩን ገደብ 180 እኔም አደርጋለሁ፤ አለዚያ ለአንድ ባድ ሴክተር ሲባል ዲስኩ በሙሉ ከሬይዱ ይወጣል። የእርስዎ ቀጭ ቀጭ ባይ ግን እየሞከረ እየሞተም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ባድ ሴክተሩን ዘሎ ደህናውን በፍጥነት መገልበጥ፤ ዲዲሬስኪው የተባለው የመረጃ ማዳኛ ፕሮግራም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ትዕግሥቱ ከዚያ በኋላ ለተረፈው ይሁን፣ ጋሼ።