ስድስት እግር ያለው ፈረስ

ባለፈው ሳምንት ቆላ ድባ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ በሒሳብ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ በእርሳስ ፈረሶች ሞነጫጭሯል። አባቱ አየና «ደብተሩን ጨረስከው! ደግሞ የትኛው ፈረስ ነው ስድስት እግር ያለው? በል አጥፋው» አለው። ልጁ ላጲሱን ሲያነሳ «ቆይ፣ እስቲ እኔም ልየው» ብዬ ደብተሩን ተቀበልኩት።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። መስመሩ የተዝረከረከ ነው፤ ጆሮ የሌለውም ፈረስ አለ። ስድስት እግር ያለው የሚጋልበው ነው። «እምዬ፣ ሲሮጥ እግሩ አይቆምልኝማ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግልቢያ ከዓይን ይፈጥናል። ድሮ ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲስሉ ሁለቱን እግር ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ ይዘረጉ ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ማይብሪጅ አሜሪካ ውስጥ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ግን አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሱት ከሆድ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑን አሳዩ።

እኔን ያሳሰበኝ ጥግ ላይ የቆመው ፈረስ ነው። የፊት ቀኝ እግሩ ወደ ፊት ወጣ ብሎ መሬት የነካው በጫፉ ብቻ ነው። የቆመ ፈረስ አንድ የኋላ እግሩን ቢያሳርፍ ልማዱ ነው፤ የፊቱን ሲያሳርፍ ግን ብዙውን ጊዜ አሞታል ማለት ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የጎረቤታችን የጋሪ ፈረስ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቆመው።»

ደብተሩን ይዘን ሄድን። ባለጋሪው ኮቴውን አንስቶ ሲያይ ጠጠር ተሰንቅሮበት ቆስሏል። «እትዬ፣ ሰነፈ ብዬ እኮ ስገርፈው ነበር» ብሎ አንገቱን ደፋ። በማግሥቱ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰደው።

ነርስ ሳለሁ አፍ ያልፈታ ሕፃን ሲመጣልኝ ሕመሙን የምረዳው ከአያያዙና ከአቀማመጡ ነበር። ያንን ፈረስ ግን ስንት ቀን አልፌዋለሁ፤ ያየው ልጁ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጅ ሥዕል ሲያሳያችሁ «ጎበዝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ ብላችሁ «ይሄኛው ምን እያደረገ ነው?» በሉት። እርሳስ ያኝካል ብላችሁ ለምትጨነቁም፦ ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ መርዛማው እርሳስ የለበትም። ስብርባሪው ሊያንቅ ስለሚችል ግን ማኘኩን አስተዉት።

አባቱ ማታ መስመር የሌለው ደብተር ገዝቶለት ገባ። ስድስቱም እግር አልጠፋም።