ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

ትናንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስመለስ፣ ማንኩሳን እንዳለፍን በቆሎ የጫነ አይሱዙ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ዳር ቆሟል። ረዳቱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ከሥሩ ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ያን ሁሉ ጭነት የያዘው አንድ ክሪክ ነው፤ ክሪኩም የቆመው በዝናብ በራሰ አፈር ላይ።

«አንተ ልጅ፣ ውጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ «አይዞህ ጋሼ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እግዜር ይጠብቃል» አለኝ።

እኔ ዕድሜዬን በጎሚስታነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። እግዜር እንደሚጠብቅ አላጣሁትም። ግን ታኮ እንዳናደርግ የከለከለን የለም።

በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ኢትዮጵያዊ በቮልስ ሞተር የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን በራሱ እጅ ሠርቶ ብዙ ሲወራለት ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ ስለ ክንፉ ሲያወራ የእኔ ዓይን የሄደው ጎማው ላይ ነው። «ይሄ ቢተነፍስ በምን ያነሱታል?» አልኩና በዓለም ላይ እቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንደሚያነሱት ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጎኑ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ግን ያገኙትን ቦታ ይዘው አያነሱም፤ ስስ ልባሱ ይቀደዳል። ክንፉ ውስጥ ክብደት የሚችለው ዋናው አግዳሚ ያለበትን፣ ወይም የጎማው እግር የታሰረበትን ጠንካራ ቦታ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ የወዲያኛውን ጎማ በታኮ ያግዳሉ። አፍንጫው እንዳይደፋ ጭራውን ሰው ይይዛል። ከተነሳ በኋላ ማቆሚያ ያስገባሉ። ክብደቱ ማቆሚያው ላይ ካላረፈ ጎማ አይፈታም።

ሌላም አለ። የብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተጋጠመ ነው። አየሩ ሳይወጣ ብሎኑን የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። እኛም ጋ ቀለበት ያለው የጭነት መኪና ቸርኬ ያው ነው። አብሮኝ ሥራ የጀመረ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው፤ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሰው የሚያነሳውን አውሮፕላን እንዲህ ከተጠነቀቁለት፣ እኛ ስንት ኩንታል የጫነ መኪና በአንድ ክሪክ አንጠልጥለን የሰው ልጅ ከሥሩ የምንሰደው ምን ነክቶን ነው?

«መንገድ ላይ ማቆሚያ ከየት ይመጣል?» የምትሉኝ አላችሁ። ወገኖቼ፣ ጎጃም ባሕር ዛፍ ጠፍቶ ያውቃል እንዴ? ወፍራም ጉማጅ አስቆርጣችሁ ሁለት ሦስት ያዙ። አንድ ሰፊ ጣውላ ጨምሩ፤ አፈር ሲሆን ከክሪኩ ሥር ይነጠፋል። ሳታነሱ በፊት ሌሎቹን ጎማዎች አግዱ፣ ብሎኑንም መሬት ላይ እንዳለ አላሉት። ቅያሪ ጎማውን ከሻንሲው ሥር አጋድሙት፤ ክሪኩ ቢያመልጥ እንኳ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። ድንጋይን አትመኑ፣ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ለታኮ ያደረጋችሁትንም ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ማታ የሚመጣው ባጃጅ አያየውም።

ባለ መኪኖች፣ ይሄ ለእናንተም ነው። ለጎማ ብዙ ሺህ ብር ታወጣላችሁ፤ ለጉማጅ እንጨት ግን የሚጠይቃችሁ የለም። ልጁን ከሥር የሚያስገባው የእናንተ «ቶሎ በል፣ ጭነቱ ይድረስ» የሚል ስልክ ነው።

ትናንት ልጁ ወጣ። ከመንደሩ እንጨት ለምነን ደገፍነው፣ ጎማው ተቀየረ። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እንጨቱን ስናስገባ ክሪኩን አየሁት፤ አንድ ጎኑ አፈር ውስጥ ሰምጦ ዘሟል። ሹፌሩም አየው። ምንም አላለም፣ ጉማጁን ግን ገዝቶ ጫነው።

ሹፌር ወይም ረዳት የሆነ ዘመድ ያላችሁ፣ ይሄን አድርሱልኝ።